ሲናመን ሮል በአዲስ አበባ ኩሽና፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጋግር ሰው

ሲናመን ሮል፣ ማለትም ቀረፋና ስኳር ተቀብቶ የሚጠቀለለው ጣፋጭ ዳቦ፣ ከባድ አይደለም። የሚያስቸግረው አሠራሩን የሚያሳያችሁ ሰው የሚኖርበት ከተማና የእናንተ ከተማ ለየቅል መሆናቸው ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ጋጋሪ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ ቦታ ነው ያለው። እኛ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን። ይህ ከፍታ እርሾውንም ሊጡንም ኦቨኑንም ይነካል። ስለዚህ እዚህ ከተማ የሚጋግር ሰው ከሰዓቱ ይልቅ ሊጡን ማየት ይልመድ። ከታች ደቂቃ እየጠቀስኩ እሄዳለሁ፤ ግን ሊጡ ሌላ ካለ ሊጡን እመኑ።

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጋግር አጠገቧ ነበርኩ። ኩሽናው ሁለት ሰው አያዞርም። ሚዛን የለም፣ መዳመጫ የለም። ኦቨኑ ከምድጃው ጋር አብሮ የመጣ፣ ቁጥሩ የደበዘዘ ኦቨን ነው። ዱቄቱ እስከ ሳሎን ደረሰ። ሮሉ ግን ተበላ። እዚህ የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ኩሽና ላላችሁ ሰዎች ነው።

የሚያስፈልጉት ነገሮች

ለ12 ሮል ይበቃል።

ለሊጡ፦ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 240 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 60 ግራም ስኳር፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 1 እንቁላል፣ 70 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው።

ለመሐሉ፦ 80 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም ስኳር (ቡናማ ከተገኘ ይሻላል)፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው።

ለላዩ፦ 150 ግራም የላመ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ።

ሚዛን ከሌላችሁ አትጨነቁ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ግማሹ 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ ወተቱን ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ለኩ። ያንን ያህል ውኃ የሚይዝ ኩባያ ፈልጉና ዱቄቱን ሳትጠቀጥቁ አራት ኩባያ ስፈሩ። እርሾው አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ነው። ለሊጡ የሚገባው ስኳር አምስት የሾርባ ማንኪያ፣ ለመሐሉ ስምንት። ባለ 250 ግራም ቅቤ ካላችሁ ለሊጡ ከሩቡ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ለመሐሉ ሲሶውን ቁረጡ።

ዱቄቱ ተራ የሱቅ ፉርኖ ይሁን። በወንፊት ንፉት፤ ብዙ የቆየ ዱቄት ውስጥ ያልተጋበዘ እንግዳ አይጠፋም። ቅቤው ላይ ግን ድርድር የለም። ለጋ ቅቤ ለጨጨብሳ ወደር የለውም፤ እዚህ ግን ሽታው ቀረፋውን ይውጠዋል። የተነጠረውማ ጭራሽ አይታሰብ። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ሲናመን ሮል ክትፎ ክትፎ ይሸታል።

ወተቱን አፍሉና አቀዝቅዙት። የላም ቤት ወተት ከሆነ ማፍላቱ ግዴታ ነው። ከጤናው ባሻገር፣ ጥሬ ወተት ውስጥ ሊጡ በደንብ እንዳይነፋ የሚያደርግ ፕሮቲን አለ፤ ሲፈላ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሲፈላ የሚተንም ስላለ ልኩን ከፈላ በኋላ ውሰዱ።

ስለ ቀረፋው

ሲናመን ማለት ራሱ ቀረፋ ነውና እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ተፈጭቶ በፌስታል የታሰረውን ከማንሳት እንጨቱን ገዝቶ ቤት መፍጨት በብዙ ይበልጣል። መርካቶ ቅመም ነጋዴዎቹ ጋ ሁለት ዓይነት ታገኙ ይሆናል። አንዱ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ አንድ ንብርብር ሆኖ የተጠቀለለ ቅርፊት ነው። ጣዕሙ ኃይለኛ ነው፤ ሻይ ውስጥ የምንጨምረውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ሌላው ስስ፣ በእጅ ፍርክርክ የሚል፣ ብዙ ንብርብር ያለው ነው። ሽታው ለስላሳ፣ ዋጋው ወደድ ያለ። ለሲናመን ሮል ወፍራሙ ይሻላል ባይ ነኝ። በዚያ ሁሉ ስኳርና ቅቤ መሐል ድምፁ የሚሰማው እሱ ነው።

በሙቀጫ ሰባብሩትና በቅመም መፍጫ ፍጩት። ከዚያ በጥሩ ወንፊት ንፉት። መንፋቱን እንዳትዘሉ። ሳይነፋ የቀረው ስባሪ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ኩርሽም ይላል፤ ያኔ ሌላው ሁሉ ቢያምር ማንም አያስታውሰውም።

ቀረፋውን ሊጡ ውስጥ አትቀላቅሉት። ለቀረፋ ሽታ የሚሰጠው ዘይት እርሾን ያዳክማል፤ ሊጡም ይለግማል። ቦታው መሐሉ ላይ ነው። ሊጡ ራሱ ጣዕም ይኑረው ካላችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል ጨምሩ። ስዊድኖች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እነሱማ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 4፣ በእኛ መስከረም 24 ገደማ፣ ለቀረፋ ዳቦ የሚሆን ቀን ሰይመውለታል። በሄል ፋንታ ኮረሪማ የሚጨምር ሰው አይቻለሁ። አይከለከልም፤ ሽታው ግን ወደ ወጥ ቤት ይጎትታል።

ከፍታው ምን ያደርጋል?

አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ከተማ ጋር ሲተያይ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እርሾው ሊጥ ውስጥ የሚሠራው ጋዝ ከላይ የሚጫነው ነገር ስለቀነሰለት በቀላሉ ይለጠጣል። ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል ማለት ነው። ደስ ይላል፤ ግን ወጥመድም ነው። ከልክ በላይ ኩፍ ያለ ሊጥ ኦቨን ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል፤ ጣዕም ለማውጣትም ጊዜ አላገኘም። ለዚህ ነው እርሾው 5 ግራም የሆነው። የውጭ መመሪያዎች ለዚህ ዱቄት 7 ግራም ይሏችኋል።

ሁለተኛው ነገር ድርቀቱ ነው። በተለይ በበጋ ዱቄቱም አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሊጡ ተጨማሪ ወተት ሊጠይቅ ይችላል። ሁለት ሦስት ማንኪያ በመጠባበቂያ ያዙ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሊጥ ውስጥ ያለውም ውኃ እንዲሁ። ስለዚህ የውጭ መመሪያ «የዳቦው መሐል 95 እስኪደርስ ጋግሩ» ቢላችሁ፣ እሱን ስትጠብቁ ዳቦው ብስኩት ይሆናል። ቴርሞሜትር ካላችሁ 88 በቂ ነው።

ማቡካት

ወተቱ ለብ ይበል። የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉት፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማችሁ ልክ ነው። እርሾ 55 ዲግሪ አካባቢ መሞት ስለሚጀምር ትኩስ ወተት ላይ አትነስንሱት። አንድ ማንኪያ ስኳርና እርሾውን ወተቱ ላይ ጨምራችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። አረፋ ካወጣ በሕይወት አለ። ዝም ካለ ሌላ ግዙ፤ ዱቄታችሁን አታባክኑ።

ዱቄቱን፣ የቀረውን ስኳርና ጨውን በጎድጓዳ ሳህን ቀላቅሉ። መሐሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ እንቁላሉንና ወተቱን ጨምሩ። በማንኪያ አማስሉ፣ ከዚያ በእጅ አምስት ደቂቃ ያህል እሹት። አሁን የለሰለሰውን ቅቤ በትንሽ በትንሹ እየቆረሳችሁ ጨምሩ።

ጀማሪ ሁሉ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ቅቤው ሲገባ አንድ ላይ ተሰብስቦ የነበረው ሊጥ ይበታተናል፣ ይሟልጫል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። የአክስቴ ልጅ ሁለቱም እጆቿ እስከ አንጓዋ ሊጥ ለብሰው፣ ስልኳ እየጠራ፣ በክርኗ ልታነሳው ስትታገል ነበር። ስልኩ ላይ የቀረው ሊጥ በማግስቱም አልለቀቀም። አክስቴ ከሳሎን ሆና፣ «ምነው ልጆች፣ ለአንድ ዳቦ ይሄ ሁሉ? ይሄኔ እኮ እኔ ድፎውን ደፍቼ፣ ቡናውን አፍልቼ ነበር!» ትላለች።

ልጅቷ ቀጥሎ ያደረገችውን ሁሉም ጀማሪ ያደርገዋል፤ እጇን ወደ ዱቄቱ ሰደደች። ያዝኳት። የሚጣበቅ ሊጥ ላይ ዱቄት ስትጨምሩ ለጊዜው ይታዘዝላችኋል። ሲጋገር ግን ድንጋይ ይሆናል፤ በማግስቱማ ሻይም አያርሰው። በዱቄት ፋንታ ሊጡን ሸፍናችሁ 10 ደቂቃ እረፉ። በዚያ ጊዜ ዱቄቱ ወተቱን ይጠጣል፣ ሊጡም ራሱን ይይዛል። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ጠብታ ዘይት ቀብታችሁ ስትመለሱ ሌላ ሊጥ ነው የምታገኙት።

ከዚያ በኋላ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ እሹ። በመዳፋችሁ ወደፊት ግፉት፣ እጠፉት፣ ሩብ አዙሩት፣ ድገሙት። መድረሱን ለማወቅ ትንሽ ቆርሳችሁ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ለጥጡት። ሳይቀደድ ስስ ሆኖ ብርሃን ካሳለፈ ደርሷል። ቶሎ ከተቀደደ ገና ነው። ሲደርስ ጣት ላይ ለጠፍ ይል ይሆናል፤ ግን ይለቃል። ደርቆ ካስቸገራችሁ የመጠባበቂያዋን ወተት በማንኪያ ጣል አድርጉ።

ኩፍ ማስባል

ዘይት የተቀባ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ በንጹሕ ፌስታል ወይም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ሳይሸፈን ከቀረ ላዩ ቆዳ ያወጣል፤ ያ ቆዳ በኋላ መሐሉ ውስጥ ገብቶ ጓጉሎ ይገኛል።

እጥፍ እስኪሆን ጠብቁ። ቤቱ ሞቅ ያለ ከሆነ ከ40 ደቂቃ ጀምሮ እያያችሁ፤ አንድ ሰዓት አካባቢ ይደርሳል። በሐምሌና ነሐሴ ብርድ ግን እርሾው ይለግማል፣ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የጠፋ ኦቨን ውስጥ አንድ ድስት የፈላ ውኃ አስቀምጣችሁ ሊጡን አጠገቡ ብታስገቡት ያፋጥነዋል። ጣታችሁን ዱቄት አስነክታችሁ ሊጡን ውጉት። ጉድጓዱ ሳይሞላ ከቀረ ደርሷል።

መዳመጥ፣ መቀባት፣ መጠቅለል

አየሩን በቡጢ አስወጡና ትንሽ ዱቄት በነካው ጠረጴዛ ላይ ዳምጡት። መዳመጫ ከሌለ ታጥቦ የደረቀ ጠርሙስ ይሠራል። 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን ይውጣው። ሊጡ እየሸሸ ከተመለሰባችሁ አትታገሉት፤ አምስት ደቂቃ ስጡት፣ ይለቃል።

ለመሐሉ የተዘጋጀው ቅቤ የለሰለሰ ይሁን እንጂ የቀለጠ አይሁን። ልዩነቱ ሰፊ ነው። የቀለጠ ቅቤ ስኳሩን ይዞ ይፈሳል። ስትጠቀልሉ በጎን ይወጣል፣ ስትቆርጡ በታች ይወጣል፣ ኦቨን ውስጥ የተረፈው ፓትራው ላይ ወርዶ ያርራል። ቅቤውን፣ ስኳሩን፣ ቀረፋውን፣ ጨውንና ዱቄቷን አንድ ላይ ለውሳችሁ እንደ ለውዝ ቅቤ ቀቡት። ያቺ አንድ ማንኪያ ዱቄት ስኳሩ ሲቀልጥ ትይዘዋለች። ከእናንተ በተቃራኒ ያለውን ረጅም ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሳትቀቡ ተዉት፤ መዝጊያችሁ እሱ ነው።

በእናንተ በኩል ካለው ረጅም ጠርዝ ጀምራችሁ ጠቅልሉ። ጠበቅ አድርጉት፣ ግን አታስጨንቁት። በጣም ከጠበቀ ሲጋገር መሐሉ እንደ ቆብ ወደ ላይ ይወጣል። የአክስቴ ልጅ በአጭሩ ጠርዝ ጠቅልላው ጥቂት ግዙፍ ሮሎች ወጧት። እንደዚያ ከሆነባችሁም ይበላል፤ ኦቨን ውስጥ አምስት ስድስት ደቂቃ ጨምሩለት።

በቢላ አትቁረጡት፤ ተጨፍልቆ ክብነቱ ይጠፋል። ንጹሕ የስፌት ክር ከጥቅሉ ሥር አሾልኩ፣ ሁለቱን ጫፎች ከላይ አቋልፉ፣ ሳቡ። እያንዳንዱን ከሦስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ እያደረጋችሁ 12 ቦታ ቁረጡ። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ቅርጽ አይኖራቸውም። የጋጋሪው ናቸው።

ሁለተኛው ኩፍታ

ፓትራው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ። ከሌለ ቅቤ ቀቡትና ዱቄት ነስንሱበት። በሮሎቹ መሐል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ። ሲነፉ ጎን ለጎን ይነካካሉ፤ ጎናቸው ለስላሳ የሚሆነውም በዚህ ነው። ሸፍናችሁ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አቆዩ። በጣት ነካ ስታደርጉት ቀስ ብሎ ከተመለሰና ትንሽ ምልክት ከተወ አስገቡት። ቶሎ ከዘለለ ገና ነው። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፏል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ኦቨን ውስጥ ክተቱት።

ጠዋት ትኩሱን መብላት ካማራችሁ ሮሎቹን ፓትራው ላይ እንደደረደራችሁ ሸፍናችሁ ፍሪጅ አሳድሩት። በማግስቱ አውጥታችሁ ቅዝቃዜው እስኪለቅ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ጠብቁና ጋግሩ። እንዲያውም እንዲህ ያደረው ጣዕሙ ይበልጣል።

መጋገር

ኦቨኑን 190 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ አሙቁት። መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው። ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ሌላ ትሪ አስቀምጡ፤ የሚፈሰውን ስኳር ይቀበልላችኋል። ትናንሽ ኦቨኖች አንዱን ጎን ያስበልጣሉ፣ ስለዚህ ከ12ኛው ደቂቃ በኋላ ፓትራውን አዙሩት። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት።

መብሰሉን ለማየት መሐል ላይ ያለውን ሮል በስቴኪኒ ውጉት። የቀለጠ ስኳር ይዞ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ስቴኪኒው ላይ ማየት የማትፈልጉት ነጭ፣ ጥሬ ሊጥ ነው። ሮሉን በሹካ ከፍ አድርጋችሁ ንብርብሩን ማየትም ይቻላል።

መብራት ቢሄድስ? ሊጡ ገና ኩፍ እያለ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ፍሪጁ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል፣ ሊጡም ይረጋጋል። ኦቨን ውስጥ ገብቶ 15 ደቂቃ ካለፈው በሩን አትክፈቱ፤ በተያዘው ሙቀት ብዙውን ጊዜ ይጨርሳል። ገና እንደገባ ከሄደባችሁ ግን ወደ ጋዝ ምድጃ ዙሩ። ወፍራም ድስት ሥር የብረት መደገፊያ አስቀምጡና ሮሎቹን በትንሽ ሳህን ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ጨርቁ እንፋሎቱን ይጠጣል፣ ጫፉ ግን ወደ እሳቱ እንዳይወርድ ወደ ላይ እሰሩት። በዝቅተኛ እሳት ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይፈጃል። ላዩ አይቀላም፤ ስኳሩ ይሸፍንላችኋል። ከሰል ከሆነ ግን ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ብቻ። ዝግ ኩሽና ውስጥ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት።

የላዩ ስኳር

የላመ ስኳር ካጣችሁ ተራውን ስኳር በቅመም መፍጫው ፍጩት፤ መጀመሪያ ግን መፍጫውን በደንብ ጥረጉ፣ ሚጥሚጣ የተፈጨበት ከሆነ ጉድ ይፈላል። በወተትና በሎሚ በጥብጡት። ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ይሁን። ሮሎቹ ከወጡ 10 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አፍስሱበት። እሳት እንደለበሱ ካፈሰሳችሁበት ቀልጦ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዙ ከሆነ ደግሞ ላያቸው ላይ ተጋግሮ ይቀራል። ክሬም ቺዝ የምትወዱ ሱፐርማርኬት ገዝታችሁ ቀላቅሉበት። በአይብ ለመተካት አትሞክሩ፤ ይፈረፈራል።

በጾም

ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ከሆነ ወተቱን በውኃ፣ በሊጡ ያለውን ቅቤ በ60 ሚሊ ሊትር ዘይት ተኩ። እንቁላሉ ስለሚቀር ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጨምሩ። መሐሉን በዘይት መለወስ አያዋጣም፤ ይፈሳል። ስስ አድርጋችሁ ማርማላታ ቀቡና ቀረፋና ትንሽ ስኳር ነስንሱበት። የብርቱካኑ ከቀረፋ ጋር ይስማማል። ማርጋሪን ልትጠቀሙ ካሰባችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ ወተት የገባበት አለ። የላዩን ስኳር በሎሚና በውኃ በጥብጡት።

ከተረፈ

እዚህ ከተማ ክፍት የዋለ ዳቦ በማግስቱ ይደርቃል። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዙ ክዳን ባለው ዕቃ ክተቷቸው። ለማሞቅ ላያቸው ላይ ጥቂት ውኃ ርጩና በተከደነ መጥበሻ በዝቅተኛ እሳት ጥቂት ደቂቃ አቆዩ። ብዙ የምታቆዩ ከሆነ የላዩን ስኳር ሳታፈስሱ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ።

ፓትራው ላይ የረጋውን ስኳር በቢላ አትፋቁት። የፈላ ውኃ አፍስሱበትና ሻይ እስክትጠጡ ተዉት፤ ራሱ ይለቃል።